የድርሻ ሕግ ታሪክ፦ ከፓሪስ ረቂቅ እስከ ማክሰኝት ሰሌዳ
(ለሂሳብ መምህራንና ተማሪዎች በማክሰኝት የተሰጠ ሕዝባዊ ትምህርት፤ ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ የማይወስድ ሕግ ነው። እንግሊዝኛው «ኩዎሸንት ሩል» ይለዋል። እኔ በአንደኛ ደረጃ የአማርኛ ሂሳብ መጻሕፍት ካሉት ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻና ቀሪ ከሚሉት ቃላት አንዱን ወስጄ «የድርሻ ሕግ» ብዬ እጠራዋለሁ። ላዕሉም ታህቱም አብረው የሚለዋወጡ ክፍልፋይ ሲሰጠን፣ ድርሻቸው በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚነግረን ሕግ ነው። ላዕሉን ላ፣ ታህቱን ታ ብንላቸው፣ የለውጥ ፍጥነታቸውን ወይም ዴሪቬቲቫቸውን ደግሞ ላ′ እና ታ′ ብለን ብንጽፍ፣ ሕጉ እንዲህ ይላል፦

(ላ ÷ ታ)′ = (ታ × ላ′ − ላ × ታ′) ÷ (ታ × ታ)

ይህን መስመር በቃሉ የማይደግም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ነገር ግን መቀነሱ ከየት መጣ? ታህቱስ ለምን በራሱ ተባዛ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የላዕሉን ዴሪቬቲቭ ለታህቱ ዴሪቬቲቭ ማካፈል ለምን አይበቃም? የመደመር ሕግ እንደዚያ አይደለምን? የድምር ዴሪቬቲቭ የዴሪቬቲቮች ድምር ነው፤ የልዩነት ዴሪቬቲቭም የዴሪቬቲቮች ልዩነት ነው። ታዲያ የድርሻ ዴሪቬቲቭ የዴሪቬቲቮች ድርሻ ሳይሆን የቀረው በምን ምክንያት ነው?

የፈተና ወረቀት ያረመ መምህር ሁሉ ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በጥያቄ መልክ ሳይሆን በቀይ ቀለም በተሰረዘ መልስ መልክ ነው። ተማሪው ላይኛውን ለብቻው፣ ታችኛውን ለብቻው አውጥቶ አንዱን በሌላው ላይ ይጽፋል። መምህሩ ይሰርዛል፤ ከጎኑ ትክክለኛውን ሕግ ይጽፍለታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔ ዛሬ የምለው ይህ የተሰረዘ መልስ ካልኩለስን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ራሱ በእጁ የጻፈው መልስ መሆኑን፣ ከዚያም አልፎ ትክክለኛው ሕግ የተገኘው ከእርሱ ጋር በተደረገ ትግል መሆኑን ነው።

በታሪኩ እንጀምር። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ስል የእኛን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የአውሮፓውያኑን ማለቴ ነው።

ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ የተባለው ጀርመናዊ ፓሪስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1672 በፖለቲካ ጉዳይ ተልኮ ነው። ሂሳብን በጥልቀት የተማረው እዚያ ከደረሰ በኋላ፣ በሆላንዳዊው ሊቅ በክርስቲያን ሃይገንስ እየተመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1675 መጸው የጻፋቸው ረቂቆች ቀን በቀን ተመዝግበው ስለተገኙ፣ አንድ አእምሮ ሲያስብ ከትከሻው በላይ ቆሞ እንደማየት ያህል ናቸው። ጥቅምት 29 ቀን የመደመሪያውን ረጅም ምልክት ሲጠቀም እናየዋለን። የልዩነቱን ምልክት «ዲ»ን ደግሞ መጀመሪያ ይጽፋት የነበረው ከታች፣ በታህት ቦታ ነበር፤ መደመር መጠንን ከፍ ካደረገ፣ ልዩነት መውሰድ ዝቅ ማድረግ አለበት ብሎ አስቦ ነውና። ምልክቲቱ ዛሬ በምናውቃት ቦታ፣ ከተለዋዋጩ በፊት ተጽፋ የምትታየው ኅዳር 11 ቀን በተጻፈው ረቂቅ ነው። እኔ በዚህ ንግግር «ደ» እላታለሁ፤ ደላ ማለት በላዕሉ ላይ የደረሰው ጥቂት ለውጥ ማለት ነው።

በዚያው በኅዳር 11 ረቂቅ ላይብኒዝ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ የሁለት መጠኖች ብዜት ልዩነት የልዩነቶቻቸው ብዜት ነውን? የሁለት መጠኖች ድርሻ ልዩነትስ የልዩነቶቻቸው ድርሻ ነውን? በምሳሌ ይሞክራል፤ ነው ብሎም ይደመድማል። ጥቂት ገጾች አልፎ ግን ሌላ ስሌት ሲሠራ ነገሩ አልገጥም ይለዋል፤ ቀደም ብሎ ያረጋገጠ የመሰለው ሁሉ ትክክል እንዳልነበረ ይጽፋል፤ ጉዳዩ አስቸጋሪ መሆኑንም አይደብቅም። ይህ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1668 ዓ.ም. ነው። ሰውየው 29 ዓመቱ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ትክክለኛውን የብዜት ሕግ አግኝቶ፣ ለሁሉም ኩርባ የሚሠራ አጠቃላይ ሕግ መሆኑን መዝግቧል። የብዜቱና የድርሻው ሕግ ጎን ለጎን በተሟላ መልክ ተጽፈው የምናገኛቸው እ.ኤ.አ. ከ1677 ጀምሮ ነው።

ለእኛ የመጀመሪያውን ግምት ለማፍረስ አንድ መስመር ይበቃል። ላዕልና ታህት እኩል ይሁኑ። ድርሻቸው ምን ጊዜም 1 ነው፤ ስለዚህ ለውጡ ዜሮ ነው። የልዩነቶቻቸው ድርሻ ግን 1 ነው። ዜሮና 1 እኩል አይደሉም። ማፍረሱ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ላይብኒዝን የሚያህል ሰው ለምን ተሳበበት? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ደላ በደታ ላይ ሲቀመጥ ትርጉም የሌለው ነገር ስላልሆነ ነው። ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው።

እዚህ ማክሰኝት ነንና ነገሩን ለማየት ወደ ገበያ እንውረድ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው፤ በጎንደር አነጋገር ማክሰኞ «ማክሰኝት» ይባላል። ቃሉም ከማግስት ጋር የተዛመደ ነው፤ የሰኞ ማግስት እንደማለት። በዛሬና በማግስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያጠና ሂሳብ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ከተማ አላገኝም።

አንድ ነጋዴ 10 ኩንታል ሽምብራ በ60,000 ብር ገዝቷል እንበል፤ ቁጥሩን የመረጥኩት ለስሌት እንዲመች ነው። ላዕሉ ያወጣው ገንዘብ፣ ታህቱ የገዛው ኩንታል ነው፤ ድርሻው አማካይ ዋጋ ነው፤ 6,000 ብር። አሁን አሥራ አንደኛውን ኩንታል በ5,450 ብር ገዛ። የላዕሉ ለውጥ 5,450፣ የታህቱ ለውጥ 1 ነው፤ የለውጦቹ ድርሻ 5,450 ብር ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ኩንታል ዋጋ ነው። የድርሻው ለውጥ ግን ምንድን ነው? 65,450 ለ11 ሲካፈል 5,950 ነው። አማካዩ በ50 ብር ወረደ። አንዱ ቁጥር 5,450፣ ሌላው የ50 ብር ቅነሳ። ነጋዴው እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ አያውቅም፤ ቢያደባልቅ ኖሮ ንግዱን ይተው ነበር። በሰሌዳ ላይ ሲሆኑ ግን እኛ እናደባልቃቸዋለን።

ይህችን 50 ብር በሕጉ መንገድ እንፈልጋት። ታህቱ 10 በላዕሉ ለውጥ 5,450 ሲባዛ 54,500 ይሆናል። ላዕሉ 60,000 በታህቱ ለውጥ 1 ሲባዛ 60,000 ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ 5,500 ይጎድላል። ይህን ለ10 ጊዜ 11፣ ማለትም ለ110 ስናካፍለው በትክክል 50 ጉድለት ይወጣል። ልብ በሉ፤ ያካፈልነው ለአሮጌው ታህት ጊዜ አዲሱ ታህት ነው እንጂ ለ10 ጊዜ 10 አይደለም። ሁለት ክፍልፋዮችን ለመቀናነስ የጋራ ታህት እንደምንፈልግ በ5ኛ ክፍል የተማርነው ነው፤ የጋራው ታህት የሁለቱ ታህቶች ብዜት ነው። ነጋዴው በአንድ ኩንታል ፈንታ አንድ ጣሳ፣ ከዚያም አንድ እፍኝ ብቻ ቢጨምር አዲሱ ታህት ወደ አሮጌው እየቀረበ ይሄዳል፤ በሊሚቱ 10 ጊዜ 10 ይሆናል። ታህቱ በራሱ የተባዛበት ምስጢር ይኸው ነው። መቀነሱም የመጣው ከዚያው ከክፍልፋይ መቀናነስ ነው።

ከዚህ በላይ ግን ሕጉን በሌላ መልክ መጻፍ ይቻላል፤ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህን ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፦

(ላ ÷ ታ)′ = (ታ′ ÷ ታ) × (ላ′ ÷ ታ′ − ላ ÷ ታ)

ታ′ ዜሮ ካልሆነ ይህ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው፤ አባዝታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በቅንፉ ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ቃል ላ′ ÷ ታ′ ነው፤ ተማሪው የጻፈው፣ መምህሩ የሰረዘው፣ ላይብኒዝም በኅዳር 1675 የገመተው ያው ነው። ሁለተኛው ነባሩ ድርሻ ነው። ሕጉ ሁለቱን ያመዛዝናል፦ የአዲሱ ኩንታል ዋጋ ከአማካዩ ከበለጠ አማካዩ ይወጣል፤ ካነሰ ይወርዳል፤ እኩል ከሆነ ባለበት ይቆያል። ተማሪዎች ይህን ከነጥባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከአማካያችሁ በታች የሆነ አዲስ ውጤት አማካዩን ይጎትተዋል። ስለዚህ የተሰረዘው መልስ የትክክለኛው ሕግ አንዱ ክንድ ነው። የጎደለው ሌላውን ክንድ በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ላይብኒዝ ግኝቱን ዘጠኝ ዓመት ያህል አቆይቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1684፣ በላይፕሲግ ይታተም በነበረው አክታ ኤሩዲቶሩም በተባለው መጽሔት ነው። ጽሑፉ ሰባት ገጽ ያህል ብቻ ነው። ርእሱ ግን ረጅም ነው፤ ስለ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋዎች እንዲሁም ስለ ታንጀንቶች አዲስ ዘዴ መሆኑን ይናገራል፤ ወዲያውም ዘዴው በክፍልፋይም ሆነ በሥር ምልክት የማይሰናከል መሆኑን ይጨምራል። ይህ ተራ ጭማሪ አይደለም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት፣ ፌርማንና ሁደን የመሳሰሉት፣ ለፖሊኖሚያል እኩልታ ግሩም ዘዴ ነበራቸው፤ ክፍልፋይ ሲመጣ ግን በተለመደው መንገድ መጀመሪያ ታህቱን አባዝቶ ማጥፋት፣ እኩልታውን ማስተካከል ያስፈልግ ነበር፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ገጽ ሙሉ ስሌት ይወልዳል። ላይብኒዝ ለአንባቢው ያቀረበው ምሳሌ ክፍልፋይና ሥር ሆን ተብሎ የተደባለቁበት አስፈሪ እኩልታ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ክፍልፋዩን አታጥፉ፣ እንዳለ ውሰዱት፣ ሕግ አለውና። እንግዲህ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ከመደመርና ከብዜት ቀጥሎ በጥግ የሚቀመጠው የድርሻ ሕግ ካልኩለስ በአደባባይ ሲታወጅ በርእሱ ላይ ከተጠቀሱት ኩራቶች አንዱ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ጽሑፍ ሕጉ የተጻፈበት መልክ ግን የዛሬ ተማሪን ግራ ያጋባል። ከላይ ባለው ስፍራ ሁለት ምልክቶች ተደራርበው ይታያሉ፤ በአንዱ በኩል መደመር ከላይ፣ መቀነስ ከታች፤ በሌላው በኩል የተገላቢጦሽ። ለላይብኒዝ «ደ» የሥዕል መስመር ርዝመት ነበረች፤ መስመሩ የሚያድግ ነው ወይስ የሚያንስ፣ ታንጀንቱ በየትኛው ወገን ይወድቃል የሚለው እየታየ ምልክቱ ይመረጥ ነበር። ማረጋገጫም አልሰጠም። ያዕቆብና ዮሐንስ ቤርኑሊ የተባሉት የባዝል ወንድማማቾች ጽሑፉን ለመረዳት ብዙ ደክመዋል፤ ከማብራሪያ ይልቅ እንቆቅልሽ እንደሆነባቸውም ተናግረዋል።

እንቆቅልሹን ፈትቶ ለተማሪ ያቀረበው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1696 በፓሪስ ታተመ። ደራሲው ማርኪ ደ ሎፒታል ሲሆን፣ ይዘቱ በአብዛኛው ዮሐንስ ቤርኑሊ በክፍያ ካስተማረው የተወሰደ ነው። እዚያ ውስጥ ምልክቶቹ ተስተካክለው፣ ሕጉ ዛሬ በምናውቀው መልክ ይገኛል። ማረጋገጫውም ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። ድርሻውን ሰ እንበለው፤ እንግዲያው ላ = ታ × ሰ ነው። በብዜት ሕግ ደላ = ታ × ደሰ + ሰ × ደታ ይሆናል። ከዚህ ደሰን ነጥሎ ማውጣትና በሰ ፈንታ ላ ÷ ታን መተካት ብቻ ነው የሚቀረው። ብዙዎቻችን ከመምህሮቻችን የሰማነው ማረጋገጫ ይኸው የ1696ቱ ነው። አንድ ስውር ነገር ግን አለበት፤ ድርሻው ዴሪቬቲቭ እንዳለው አስቀድሞ ይቀበላል። ያ ዴሪቬቲቭ ካለ ምን እንደሚሆን ይነግረናል እንጂ መኖሩን አያረጋግጥም። ለ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ይህ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮሺ ካልኩለስን በሊሚት መሠረት ላይ ካቆመ በኋላ ነው። የሽምብራው ስሌታችን ግን ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ከአሮጌና ከአዲስ ክፍልፋይ ልዩነት ተነሥቶ በሊሚት ስለሚጨርስ መኖሩንም መጠኑንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። የሚፈልገው ታህቱ በዚያ ነጥብ ዜሮ አለመሆኑን፣ ላዕልና ታህትም ዴሪቬቲቭ ያላቸው መሆኑን ብቻ ነው።

ስለ ኒውተን አጭር ቃል። እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው በፕሪንኪፒያ፣ በሁለተኛው መጽሐፍ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት የሚገኙ መጠኖች እንዴት እንደሚለወጡ አንድ ረዳት ድንጋጌ አለው። በእርሱ መንገድ ማካፈል በአሉታዊ ርቢ እንደ ማባዛት ይታያል፤ ስለዚህ ለድርሻ ለብቻው ሕግ አያስፈልገውም። የዛሬ አንዳንድ ባልደረቦቼም የድርሻ ሕግ ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጣ፣ ተማሪው በአሉታዊ ርቢና በሰንሰለት ሕግ ይሥራ ይላሉ። ሸክም ይቀንሳል ማለታቸው እውነት ነው። እኔ ግን አልስማማም። በአሉታዊ ርቢ ሲሠራ ውጤቱ በሁለት የተበታተኑ ቃላት ይወጣል፤ የአማካይና የአዲሱ ሚዛን ከዓይን ይሰወራል። ለራሽናል ፈንክሽን ደግሞ፣ ይኸውም ለፖሊኖሚያል በፖሊኖሚያል ድርሻ፣ ጠቃሚው ነገር በአንድ ታህት ላይ የተሰበሰበ ላዕል ነው። ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበትን፣ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን የምናነበው ከዚያ ነው፤ ታህቱ በራሱ ስለተባዛ አሉታዊ ሊሆን አይችልም፤ ምልክቱን የሚወስነው ላዕሉ ብቻ ነው።

አሁን ከአውሮፓ ወደ እኛው አገር ልሻገር፤ መንገዱ ከምትገምቱት ያጠረ ነው።

የላይብኒዝ ጽሑፍ የታተመበት ወር በእኛ ጥቅምት 1677 ዓ.ም. ነው። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎንደር ላይ ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ከነገሡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ማካፈልን አያውቁም ነበር የሚል ቢኖር ባሕረ ሐሳብን ይመልከት። የዚያኑ ዓመት እንሥራው፦ 5,500 ሲደመር 1,677 ዓመተ ዓለሙ 7,177 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 377 ደርሶ 14 ይቀራል። አንድ ይነሣለትና ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ሲባዛ 143፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ስሌቱን ያረጋግጣል። ድንቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ተመልከቱ፤ 377 የሚለው፣ ድርሻው ማለት ነው፣ ለወንበሩ ምንም ሥራ ሳይሠራ ተጣለ። የተፈለገው ቀሪው ነው። የጎንደር ሊቃውንት ከማካፈል ቀሪውን ሲወስዱ፣ በዚያው ዘመን በላይፕሲግ የታተመው ጽሑፍ ደግሞ ከማካፈል ድርሻውን ወስዶ እንዴት እንደሚለወጥ ጠየቀ። ከአንድ ስሌት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ወጡ፤ የበዓላት መመላለስ አንዱን ይጠይቃል፣ የኩርባ መታጠፍ ሌላውን።

በሁለቱ ዓለሞች መካከል የቆመ ሰውም ነበር። ከአማራ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን አገራቸውን ለቀው ሮም ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 የኤርፉርቱ ኢዮብ ሉዶልፍ እዚያ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄዱ። ሉዶልፍ ግእዝንም አማርኛንም ከእርሳቸው አፍ ተምሯል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በባሕር አደጋ አረፉ፤ ሉዶልፍ ግን የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። ይኸው ሉዶልፍ ከላይብኒዝ ጋር ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፏል፤ ደብዳቤዎቹም በኋላ በ1755 በጎቲንገን ታትመዋል። ዋና ጉዳያቸው ቋንቋና የሕዝቦች አመጣጥ እንጂ ሂሳብ አልነበረም። የሆነ ሆኖ የድርሻን ሕግ ያሳተመው እጅና የአማርኛን ሰዋስው ያሳተመው እጅ የሚጻጻፉ እጆች ነበሩ። አማርኛ በአባ ጎርጎርዮስ በኩል ወደ ጀርመን ሲሄድ፣ ካልኩለስ በዚያው መንገድ አልተመለሰም። መንገድ ስላልነበረ አይደለም። ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የሎፒታል መጽሐፍ በታተመ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1699፣ በስናር በኩል ጎንደር ገብቶ አፄ ኢያሱን አክሟል። የተጠራው ለሕክምና ነበር፤ የመጣውም መድኃኒት ይዞ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት 1677 እስከዚያ 266 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም የምንኖረው ስለሆነ አላስረዝምም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ላዕል፣ ታህት፣ ድርሻና ቀሪ የሚሉት ቃላት በታችኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ይቀራሉ። ተማሪው «ኩዎሸንት» ሲባል አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል፤ በልጅነቱ ዳቦ ለወንድሞቹ ሲያካፍል ያወቀው ድርሻ መሆኑን የሚነግረው አያገኝም። የእንግሊዝኛው ሥርዓት ነገ ይለወጥ እያልኩ አይደለም፤ ያ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ሕጉን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው በፊት መምህራን አምስት ደቂቃ ወስደው በአማርኛ የሽምብራውን ሂሳብ ቢያሠሩ፣ ተማሪው ላ′ ÷ ታ′ ብሎ ሲመልስም «ይህ የምን መልስ ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ የሚከለክላቸው መመሪያ ግን የለም። «የመጨረሻው ኩንታል ዋጋ ነው» ብሎ ከመለሰ፣ የሕጉን ግማሽ ራሱ አግኝቷል።

ለጥያቄ ጊዜ ከመስጠቴ በፊት ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልተው። ተለዋዋጩን ሀ እንበለው። የድርሻ ሕግ ስለ ራሽናል ፈንክሽኖች አንድ እንግዳ ነገር ይናገራል። አንድ ራሽናል ፈንክሽን እስከ መጨረሻው ተቃልሎ በታህቱ ሀ አንድ ጊዜ ብቻ ቢገኝ፣ በዴሪቬቲቩ ታህት ሁለት ጊዜ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ቢኖር ሦስት ጊዜ፤ ሦስት ቢኖር አራት። በታህቱ ጨርሶ ከሌለ በዴሪቬቲቩም አይኖርም። እንግዲህ ከዜሮ ወደ ዜሮ፣ ከአንድ ወደ ሁለት ይዘለላል፤ በታህቱ ሀ አንድ ጊዜ ብቻ ያለበት ዴሪቬቲቭ ከራሽናል ፈንክሽን አይወለድም። 1 ÷ ሀ ግን እንደዚያ ያለ ነው። ስለዚህ ዴሪቬቲቩ 1 ÷ ሀ የሆነ ፈንክሽን ካለ ራሽናል ሊሆን አይችልም፤ ከሌላ ዘር መምጣት አለበት። ይህ ፈንክሽን ማን እንደሆነ በ12ኛ ክፍል ስሙን ሰምታችኋል። የምጠይቃችሁ ስሙን ሳይሆን የዝላዩን ማረጋገጫ ነው፤ ታህቱን ሀ በአንዳች ርቢ ጊዜ ሀን የማይዝ ፖሊኖሚያል አድርጋችሁ ጻፉና፣ በድርሻ ሕግ አውጥታችሁ ከላይና ከታች ምን ያህል ሀ እንደሚሰረዝ ቁጠሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ከፊት መስመር እንጀምር።